መሣሪያው በዛ፤ ሰሚውስ የት አለ?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ፣ በተማሪዎች ክበብ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሆነን ተቀምጠን ነበር። የማጫወቱ ተራ የኛ ስለ ነበረ፣ የደረሰውን ጥፋት በሌላ ላይ የምንጥልበት መንገድ የለም። በኮምፒውተራችን የአንድ ምሽግ ካርታ ዘርግተናል፤ ማን በየትኛው መስኮት ምን እንደሚያይ፣ የችቦው ብርሃን እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ሳይቀር ሶፍትዌሩ ለክቶ ያሳያል። በዚህ መካከል ከጓደኞቻችን አንዲቱ፣ ብዙ መናገር የማትወደው፣ «የወንድሜን ሬሳ ሳልቀብር ከዚህ አልሄድም» አለች። እኛም «ቆዪ፣ የምሽጉ በር አልከፈት ብሎናል» ብለን ወደ ኮምፒውተሩ አቀረቀርን። ከሩብ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ቀና ስንል ግን ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ ታጠናለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም።

ነገሩ ትንሽ ቢመስልም እጅግ አሳስቦናልና፣ ለጓደኞቻችን የምንለው አለን።

ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ እንናገር። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ጨዋታ በ1974 (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ታተመ፤ ደራሲዎቹም ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። አንዱ አጫዋች ሆኖ አገሩንና በዚያ የሚያጋጥመውን ይናገራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድን ሰው ሆነው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ የሚያጠራጥረውን ነገር ደግሞ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይቆርጠዋል። እንግዲህ የጨዋታው ሥር መናገርና መስማት ነው። ልጆች ሳለን እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ መልሱን ያላወቀው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሐረርን አንሥቶ ይሰጥ ነበር። ለዚህ ካርታ አምጣ ያለው ማንም አልነበረም።

ዛሬ ግን በዚህ ጨዋታ ዙሪያ የሚሸጠው ነገር ብዛቱ ያስደነግጣል። ሦስቱ ዋና ዋና መጻሕፍት፣ ማለት የተጫዋቹ፣ የአጫዋቹና የአውሬዎቹ፣ ከ2024 ጀምሮ በአዲስ መልክ ሲወጡ የያንዳንዳቸው ዋጋ 50 ዶላር ያህል ሆኗል። ተጨማሪዎቹን ማን ቆጥሮ ይዘልቃቸዋል? ከመካከላችን «መጻሕፍቱ የሉኝምና ማጫወት አልችልም» እያለ ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ጓደኛ አለን። ባንድ ወገን መሣሪያ የበዛለት አጫዋች አይሰማም፤ በሌላ ወገን መሣሪያ ያጣው አጫዋች አይጀምርም። የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው፤ መሣሪያውን ከጨዋታው በላይ አስቀምጠውታል።

ስለዚህ አንድ ሶፍትዌር ወይም መጽሐፍ ሲቀርብልን ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ነገር ዓይናችንን ከጓደኞቻችን ፊት ያርቃል ወይስ ወደነሱ ይመልሳል? ሁለተኛ፣ ነገስ የኛ ሆኖ ይቆያል ወይ?

በመጀመሪያው ጥያቄ ሲመዘን፣ የሚበልጠው ከጨዋታው በፊት ያለውን ድካም የሚያቀልልን ነው። ማይክ ሼይ በ2018 ያወጣው መጽሐፍ፣ ርእሱ በአማርኛ «የሰነፉ አጫዋች መመለስ» ሊባል የሚችለው፣ ዝግጅቱን በስምንት እርምጃ ይወስነዋል። የመጀመሪያው እርምጃ ካርታ መሣል ሳይሆን፣ ተጫዋቾቹ የሆኗቸውን ሰዎች አንድ ባንድ መለስ ብሎ ማሰብ ነው። ከዚያም አሥር ምስጢር ጽፎ፣ የትና በማን አፍ እንደሚገለጥ ሳይወስኑ መያዝ ነው። ይህን ቀደም ብለን ሠርተንበት ቢሆን ኖሮ የዚያች ልጅ ወንድም ባልተረሳ ነበር። የኬቪን ክሮፎርድ «ወርልድስ ዊዝአውት ነምበር» (2021) ደግሞ አገርን፣ ከተማን፣ ፍርስራሽንና ጠላትን ዳይስ እየጣሉ የሚያወጡበት ብዙ ሠንጠረዥ አለው፤ በነጻ የሚሰጥ እትምም አለው። ሾን ቶምኪን በ2018 ያወጣው «አይረንስዎርን» ከነጭራሹ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ያለ አጫዋችም ለመጫወት ያስችላል።

ካርታ የሚዘረጉትን ሶፍትዌሮች ጨርሰን አንነቅፍም። ለዕረፍት በየአገራችን ስንበተን ጠረጴዛችን እነሱ ናቸው። ሮል ትዌንቲ ከ2012 ጀምሮ ያለ ሲሆን ያለ ክፍያ ይጀመራል፤ በ2020 የወጣውን ፋውንድሪን ደግሞ አጫዋቹ ብቻ አንድ ጊዜ ከገዛው ሌሎቹ ሳይከፍሉ ይገባሉ። ነገር ግን ባንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳለ፣ ወረቀትና እርሳስ የሚበቃውን ሥራ ለማሽን መስጠት ምን ይጠቅመናል?

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ አያንስም። በጃንዋሪ 2023 የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ከ2000 ጀምሮ ለሁሉ ክፍት የነበረውን ፈቃድ ሊለውጥ ማሰቡ ተሰማ። በኦገስት 2024 ደግሞ በዚሁ ኩባንያ በዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ላይ የተጫዋቾች መዝገብ የነበራቸው ሰዎች፣ በመዝገባቸው ያሉት የቀድሞ አስማቶችና አስማታዊ ዕቃዎች በአዲሶቹ እንደሚተኩ ተነገራቸው። በሁለቱም ጊዜ ተጫዋቾች ስለ ጮሁ ኩባንያው ሐሳቡን መለሰ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ግልጽ ነው። በሰው ቤት ያስቀመጡት ዕቃ፣ ቢከፍሉበትም እንኳ፣ ባለቤቱ ሌላ ነው። በደብተራችን የጻፍነውን ግን ማንም መጥቶ አይለውጥብንም።

ደስ የሚለው ከዚያው ጩኸት የወጣው ፍሬ ነው። የጨዋታው መሠረታዊ ሕግ በዚያው በጃንዋሪ 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ወጣ፤ ይህም ፈቃድ የማይሻር ነው። ምንጩን እስከ ጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ሊያባዛው፣ ሊተረጉመው፣ የራሱን ጨዋታ ሊሠራበት ይችላል። እንግዲያስ ወደ አማርኛ መልሰን በዚሁ የማባዣ መሣሪያ አትመን ለእያንዳንዱ መኝታ ቤት እንዳናድል የሚከለክለን ምንድን ነው? ከስንፍናችን በቀር ምንም አይታየንም።

ያ ዓመት ሙሉ የተቀመጠው ጓደኛችን ነጻውን ሕግ ባየ በሳምንቱ ማጫወት ጀምሯል። በእጁ የነበሩት አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና የተዋሰው ዳይስ ብቻ ናቸው። እናንተም መጽሐፍ እስክናገኝ ብላችሁ የምትጠብቁ ጓደኞቻችን፣ በዚህ ሳምንት ጀምሩ። መሣሪያ የሞላላችሁም፣ ሰው በሚናገርበት ጊዜ ኮምፒውተሩን ክደኑት።

እኛም ልጅቱ ዘንድ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል። ቅዳሜ ማታ እመጣለሁ ብላለች። የምንጀምረው ከቀብሩ ነው።