«ኤችቲቲፒ 1.1 ይበቃናል» ለምትሉ

በዲፓርትመንታችን የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠራ ተማሪ ከሰርቨር ዳታ ማምጣት ሲፈልግ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ፓይተን ከሆነ ሪኩዌስትስን፣ አንድሮይድ ከሆነ ኦኬኤችቲቲፒን ይጠራና ሥራውን ይቀጥላል። ከዚያ በታች ምን እንደሚካሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እውነት ለመናገር አይፈረድበትም። ላይብረሪ (መጻሕፍት የሚደረደሩበትን ሳይሆን የተዘጋጀ ኮድ የሚገኝበትን ማለቴ ነው) የሚሠራው እኮ ከታች ያለውን ጣጣ እንድንረሳው ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለዚያ ስለተረሳው ጣጣ ነው። የኔትወርክ ክላየንት ላይብረሪዎች አዲሶቹን የኤችቲቲፒ ዓይነቶች መደገፍ አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚለው ክርክር በላብ ውስጥ በተነሳ ቁጥር «እየሠራ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ይጠበስ?» በሚል መልስ ይዘጋል። እኔ ደግሞ ይህ መልስ ሰርቨሩ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው እንጂ ለእኛ አይሆንም ባይ ነኝ።

አስቀድሜ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤችቲቲፒ 1.1 በ1997 ወጣ፤ በ1999 ተሻሻለ። ኤችቲቲፒ 2 ጉግል ስፒዲ ብሎ ከሞከረው ሥራ ተወልዶ በ2015 ጸደቀ። ኤችቲቲፒ 3 በ2022 መጣ፤ እሱ የሚሳፈርበት ኩዊክ የተባለው ፕሮቶኮል ደግሞ አንድ ዓመት ቀድሞት በ2021 ጸድቋል። ሦስቱም ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር፣ የሦስቱም ትርጉም አንድ መሆኑን ነው። «ገጹን ስጠኝ» የሚለው ጥያቄ፣ 404 የሚለው መልስ፣ ኩኪው፣ ሄደሩ አልተለወጠም። የተለወጠው ማጓጓዣው ብቻ ነው። ስለዚህ ላይብረሪው ከሥር ማጓጓዣውን ቢቀይር የእኛ ፕሮግራም አንድ መስመር እንኳ ላይነካ ይችላል። ጎ የተባለው ቋንቋ በ2016 እትም 1.6ን ሲያወጣ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ በኤችቲፒኤስ ላይ ኤችቲቲፒ 2ን ራሱ መደራደር ጀመረ፣ ፕሮግራመሩም ማታ ተኝቶ ጠዋት በአዲሱ ፕሮቶኮል ሲሠራ ተገኘ።

አሁን ወደ ርቀቱ ልምጣ፤ የክርክሬ እምብርት እሱ ነውና። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ኬብሉ እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ አንድ ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ አያንስም። በተግባር ደግሞ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ መጀመሪያ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር መውረድ አለበት፣ ከዚያም ይዞራል፣ በየመንገዱም ይጠብቃል። ይህን ጊዜ የትኛውም ኢንጂነር ሊያሳጥረው አይችልም። የፊዚክስ ጉዳይ ነው። በኢንጂነሩ እጅ ያለው የደርሶ መልሱን ቁጥር መቀነስ ብቻ ነው።

እስቲ እንቁጠር። አሮጌው አካሄድ፣ ማለትም ቲሲፒ ከቲኤልኤስ 1.2 ጋር፣ ለቲሲፒ ሰላምታ አንድ፣ ለምስጢር ቁልፍ ድርድሩ ሁለት፣ ለራሱ ለጥያቄው አንድ፣ በድምሩ አራት ደርሶ መልስ ይፈጃል። በዚያ በተወጠረው ኬብል ስናሰላው የመጀመሪያው የመልስ ፊደል ከመምጣቱ በፊት 200 ሚሊ ሰከንድ አለፈ ማለት ነው። ቲኤልኤስ 1.3 በ2018 ሲመጣ ወደ ሦስት ወረደ። ኩዊክ ደግሞ ሰላምታውንና የቁልፉን ድርድር አንድ ላይ ስለሚያደርጋቸው ሁለት ይበቃዋል። ከአራት ወደ ሁለት! ሰርቨሩ 5 ሚሊ ሰከንድ ላይ ላለ ሰው ይህ ለውጥ ከ20 ወደ 10 መውረድ ነው፤ ዓይኑ እንኳ አያየውም። ለእኛ ግን ሲያንስ ሲያንስ መቶ ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ያውም አዲስ ግንኙነት በተከፈተ ቁጥር። «ልዩነቱ ኢምንት ነው» የሚሉት ሰዎች አልዋሹም፤ የለኩት ከራሳቸው ወንበር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኩዊክ ከዚህ ቀደም ከተዋወቀው ሰርቨር ጋር ሲገናኝ ጥያቄውን ከሰላምታው ጋር አብሮ መላክ ይችላል። ይህ ግን መሐል መንገድ ላይ ያለ ሰው ያንኑ መልእክት ቀድቶ ደግሞ እንዲልከው በር ይከፍታል። ዜና ለማንበብ ምንም አይደል። «500 ብር ላክ» የሚል ትእዛዝ ግን ሁለት ጊዜ ሲደርስ አስቡት! ስለዚህ ላይብረሪው ይህን አቋራጭ በዝምታ ሊከፍተው አይገባም፤ ፕሮግራመሩ አውቆ ይጠይቀው።

ሁለተኛው ጉዳይ የፓኬት መጥፋት ነው። ኤችቲቲፒ 1.1 በአንድ ኮኔክሽን ላይ በተግባር አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሚያስተናግድ፣ ብሮውዘሮች ለአንድ ሰርቨር እስከ ስድስት ኮኔክሽን ይከፍታሉ። ስድስት ሚኒባስ ማለት ነው። ኤችቲቲፒ 2 ደግሞ ሁሉንም ተሳፋሪ በአንድ ረጅም አውቶቡስ ጫነ። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሰልፍ ይቀንሳል፣ መንገዱ ሰላም እስከሆነ ድረስ ግሩም ነው። ጎማው የፈነዳ ዕለት ግን ሁሉም ይቆማል። ቲሲፒ አንዲት ፓኬት ስትጠፋበት እሷ እስክትተካ ድረስ ከኋላዋ የመጣውን ሁሉ ይዞ ይጠብቃል፤ የጠፋችው የአንዲት ፎቶ ቁራጭ ብትሆንም ጽሑፉም፣ ሌላው ፎቶም አብሮ ይቆማል። በስድስቱ ሚኒባስ ጊዜ አንዱ ቢቆም አምስቱ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ፓኬት በብዛት በሚጠፋበት ኔትወርክ ላይ ኤችቲቲፒ 2 ከአሮጌው ሊብስ ይችላል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። ኩዊክ በዩዲፒ ላይ የተሠራውም በዋናነት ይህን ችግር ለመፍታት ነው። እያንዳንዱን ፍሰት ለየብቻው ስለሚከታተል፣ የጠፋባት ብቻ ትጠብቃለች፣ ሌሎቹ ይሄዳሉ።

ከዚህ ተነስቼ የምይዘው አቋም አንዳንዶችን ላያስደስት ይችላል። አንድ ላይብረሪ ወደ አዲሱ ለመሄድ ከተነሳ ኤችቲቲፒ 2 ላይ ደርሶ «ጨረስኩ» ማለት የለበትም። ለዳታ ማዕከል ውስጥ ሥራ ይበቃው ይሆናል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ግን ግማሽ መንገድ ነው።

ይህን ስል ኤችቲቲፒ 2 ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በኤችቲቲፒ 1.1 እያንዳንዱ ጥያቄ ያንኑ ኩኪ፣ ያንኑ የብሮውዘር ስም፣ ያንኑ ሄደር በሙሉ ጽሑፍ እየደጋገመ ይልካል። ኤችፓክ የተባለው የኤችቲቲፒ 2 መጭመቂያ አንዴ የተላከውን ያስታውስና ቀጥሎ በቁጥር ብቻ ይጠራዋል። በሜጋባይት ፓኬጅ እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ሌላው የኩዊክ በጎ ነገር መንገድ መቀየር ነው። ቲሲፒ ግንኙነቱን የሚያውቀው በሁለቱ ወገኖች አይፒ አድራሻና የፖርት ቁጥር ነው። ተማሪው ከግቢው ዋይፋይ ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ አድራሻው ይቀየራል፣ ግንኙነቱም ይሞታል። ግማሽ የደረሰ ፋይል ያለው ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ኩዊክ ግን ለግንኙነቱ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው፣ ላይብረሪውና ሰርቨሩ ከደገፉት፣ አድራሻው ቢለወጥም ይቀጥላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም እያለ ለምን ላይብረሪዎቹ ዘገዩ? ስንፍና ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የኦፕን ሶርስ ላይብረሪዎችን የሚንከባከቡት ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ኤችቲቲፒ 2 ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ ባይነሪ ሆኗል፤ ፍሰቶችን መቁጠር፣ ቅድሚያ መስጠት፣ ማሰሪያና መፍቻ ማበጀት ይጠይቃል። ሪኩዌስትስ ከሥሩ ዩአርኤልሊብ3 የተባለ ሌላ ላይብረሪ አለው፤ አንዱን ለመለወጥ ሌላው መለወጥ አለበት። በዚህ ምክንያት በፓይተን ኤችቲቲፒ 2 የፈለገ ሰው እንደ ኤችቲቲፒኤክስ ወዳሉት ይሄዳል፣ እዚያም ቢሆን ተጨማሪ ፓኬጅ ጭኖ ራሱ ካላበራው በስተቀር አይሠራም።

የኩዊክ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ኩዊክ ቲኤልኤስን በውስጡ ስለሚይዝ የምስጢር ላይብረሪው ልዩ በር እንዲከፍትለት ይፈልጋል። ብዙው ዓለም የሚጠቀምበት ኦፕንኤስኤስኤል ይህን በር ቀድሞ ቀርቦለት ሳለ ሳይቀበለው ቀረ፤ የራሴን ኩዊክ እሠራለሁ አለ። ለክላየንት የሚሆነው በእትም 3.2 በ2023 መጨረሻ ወጣ፣ ሌሎች የኩዊክ ሠሪዎች የሚገቡበት በር ግን እስከ እትም 3.5፣ እስከ 2025 ድረስ ቆየ። በመሐሉ አካማይና ማይክሮሶፍት ኮዱን ገንጥለው የራሳቸውን ቅጂ እስከማዘጋጀት ደርሰዋል። ለኔ ይህ የማይረሳ ትምህርት ነው፦ ከሥር ያለ አንድ ላይብረሪ ሲዘገይ ከላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይቆማል፤ የቲሲፒው አውቶቡስ በሰዎች መካከልም አለ።

የደኅንነት ጥያቄም ይነሳል። በጥቅምት 2023 ይፋ የሆነው ራፒድ ሪሴት የተባለው ጥቃት የኤችቲቲፒ 2ን «ጥያቄዬን ሰርዣለሁ» የምትል ትንሽ መልእክት በመጠቀም ሰርቨሮችን አጨናንቋል። ጉግል እንደገለጸው በእሱ ላይ የደረሰው በሰከንድ 398 ሚሊዮን ጥያቄ ነበር። አዲስ ነገር አዲስ ቀዳዳ ይዞ ይመጣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጥቃቱ ያነጣጠረው በሰርቨሮች ላይ እንጂ በክላየንት ላይብረሪ ላይ አልነበረም፤ በወራት ውስጥም ማስተካከያዎች ወጥተዋል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ልቤን የሚነካው የመምህራን ነው። ኤችቲቲፒ 1.1ን በቴልኔት ገብቶ በእጅ ጽፎ መልሱን በዓይን ማየት ይቻላል። እኛም ኔትወርኪንግን የተማርነው እንደዚያ ነው፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ «200 ኦኬ» ሲመጣ የነበረው ደስታ ቀላል አልነበረም! አዲሶቹን እንዲህ በእጅ መጻፍ አይቻልም። መልሴ ግን ለማስተማሪያ የሚሆነውና ለሥራ የሚሆነው አንድ መሆን የለበትም የሚል ነው። ፊደል በሸክላ ሰሌዳ ላይ ተምረን ደብዳቤ በወረቀት እንጽፋለን።

የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች ደግሞ «ዩዲፒ ፖርት 443 በፋየርዎል ተዘግቷል፣ ኩዊክ አያልፍም» ይላሉ። በብዙ ቦታ እውነት ነው። ለዚህ ኩርልን ተመልከቱ። ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ በ1998 ያወጣው ይህ መሣሪያ ኤችቲቲፒ 2ን መሞከር የጀመረው በ2013፣ ገና ደረጃው ሳይጸድቅ ነው፤ በ2019 ደግሞ ኤችቲቲፒ 3ን ለሙከራ አስገባ። «ኤችቲቲፒ 3 ሞክር» ሲባል ኩዊክንና ቲሲፒን ያሽቀዳድማል፣ ኩዊክ ካላለፈ በቲሲፒው ይቀጥላል። ተጠቃሚው ገጹን ያገኛል። ሌሎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ አፕል በአይኦኤስ 15 በ2021፣ ማይክሮሶፍትም በዶትኔት 7 በ2022 ለክላየንት ፕሮግራሞች ኤችቲቲፒ 3ን አቅርበዋል።

እኔ ከላይብረሪ የምፈልገው እንግዲህ ይህን ነው፦ አዲሱን ይሞክር፣ ካልሆነ ያለ ጩኸት ወደ አሮጌው ይመለስ፣ በየትኛው እንደሄደ ግን ሲጠየቅ ይንገረን። የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ሆኖም እሷ ከሌለች አንድ ፕሮግራም ለምን ዛሬ ፈጥኖ ነገ እንደተንቀራፈፈ የሚያውቅ አይኖርም። አንድ ገጽ አምጥቶ ለሚዘጋ ተራ ስክሪፕት ደግሞ ሪኩዌስትስ ይበቃል፤ እሱን የሚጠቀመውን ማንንም አልነቅፍም።

ለዲፓርትመንታችን ያለኝ ሐሳብ ቀላል ነው። ሊኑክስ ውስጥ ቲሲ የተባለው ትእዛዝ ኔትኤም ከተባለው ጋር ሆኖ በራሳችን ማሽን ላይ ኔትወርኩን ሆን ብሎ ያበላሽልናል፤ 150 ሚሊ ሰከንድ መዘግየትና ከመቶ ሁለት ፓኬት መጥፋት በሉት። ከዚያ ያንኑ ገጽ በሦስቱም ፕሮቶኮሎች በኩርል አምጡና ሰዓቱን ጻፉ።  እግረ መንገዳችሁንም «ኩርል ሰረዝ ትልቁ ቪ» ብላችሁ የምትሠሩበት ኮምፒውተር ላይ ያለው ኩርል ምን ምን እንደሚደግፍ እዩ። ኤችቲቲፒ 3 ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ያለ እሱ የተገነባ ነው፤ ከምንጭ ኮዱ እንደገና መገንባት ይቻላል። ውጤቱን ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ቡለቲን ይጻፈው፤ ኤችቲቲፒ 1.1 ካሸነፈም ይጻፈው።