ፈረንሳይኛ በእንግሊዝኛ መስኮት፦ ስለ ከፍተኛ ደረጃ የቋንቋ ትምህርት የቀረበ አስተያየት

ገበያው በደራበት ሰዓት መሳለሚያ እህል በረንዳ የደረሰ ሰው፣ ዋጋ ሲጠራ ብቻ ሳይሆን ዋጋ ሲወራም ይሰማል። ነጋዴው «ጤፍ ጨምሯል አሉ» ይላል። መጨመሩን በራሱ ስም አያረጋግጥም፤ ጨርሶ አይክድምም፤ ወሬውን ለባለቤቱ ትቶ ያስተላልፋል። «አሉ» የምትለው አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ትሠራለች። የፈረንሳይ ጋዜጠኛ ይህንኑ ነገር ሲጽፍ «ለ ፕሪ ዱ ቴፍ ኦሬ ኦግማንቴ» ይላል። እርሱ የሚገለገለው በግሡ ቅርጽ ነው፤ ፈረንሳዮች «ኮንዲስዮኔል» በሚሉት አንቀጽ ግሡን አስቀምጦ፣ ዜናው ከሌላ የተሰማና ገና ያልተረጋገጠ መሆኑን ለአንባቢው ያመለክታል።

በእህል በረንዳ ዙሪያ አድጎ ፈረንሳይኛን ዋና ትምህርቱ ያደረገ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ዓረፍተ ነገር ተርጉም ቢባል፣ «የጤፍ ዋጋ በጨመረ ነበር» ብሎ ቢጽፍ አያስደንቅም። «ኦሬ» የሚለውን ግሥ ያጠናው «ዉድ ሃቭ» በተባለው የእንግሊዝኛ አቻው በኩል ነውና፣ ያልተሟላ ሁኔታን የሚገልጽ ቅርጽ ብቻ መስሎ ታይቶታል። «አሉ»ን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማና ሲናገር የኖረ ሰው፣ ያው «አሉ» በሌላ ልብስ ሲመጣበት አላወቀውም። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበትን ቦታ ሦስተኛው ሸፈነበት። የዚህ ጽሑፍ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፤ በከፍተኛ ደረጃ ፈረንሳይኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ እንዲሄድ መደረጉ ከሚያቀልለት ይልቅ የሚያሳጣው ይበዛል።

እርግጥ ነው፣ ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው የሰዋስው ስያሜዎችን የለመደው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእጁ የሚገኘውም መዝገበ ቃላት በአብዛኛው የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1907 አሊያንስ ፍራንሴዝ በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ በ1908 የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በ1917 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዘመናዊ ትምህርትና የውጭ ግንኙነት ዋና ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ ቦታውን የተረከበው ከ1941 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ተማሪ ፈረንሳይኛን የሚያነጻጽረው ከአማርኛና ከግዕዝ ጋር ነበር። የዚያ ዘመን አሻራ በከተማው አፍ ላይ አልጠፋም፤ «ለገሃር»፣ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን»፣ «ዶሴ» እያለ የሚናገረው የመርካቶ ሰው ፈረንሳይኛ መናገሩን አያስብም። («መርካቶ» የሚለው ስም በአንጻሩ ጣሊያንኛ መሆኑን ማንም አይስተውም።)

የእንግሊዝኛው መንገድ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በ«ሱብዦንክቲፍ» ላይ ነው። «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ለማለት ፈረንሳዩ «ዠ ቨ ኪል ቪየን» ይላል። በሁለቱም ቋንቋዎች ሁለተኛው ግሥ የራሱ ባለቤት አለው፤ «እንዲመጣ» ውስጥ «እርሱ» አለ፤ «ኪል ቪየን» ውስጥም አለ። እንግሊዝኛ ግን «እርሱን» ተሳቢ አድርጎ ግሡን ባለቤት የሌለው ንዑስ አንቀጽ ያደርገዋል። ስለዚህ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ አስቦ ወደ ፈረንሳይኛ ሲያመጣው አንድም ፈረንሳዊ የማይናገረው ነገር ይወጣዋል። መምህሩም በበኩሉ «ሱብዦንክቲፍ» ከባድ ነው፤ ከእነዚህ ግሦች በኋላ ይመጣልና ዝርዝሩን አጥኑ ብሎ ያልፋል።

ለዚህ አንቀጽ አገር ውስጥ ስም እንዳልጠፋለት ልብ ማለት ይገባል። በቅኔ ቤት ግሥ የወረደ ተማሪ «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል» ሲል፣ ሦስተኛው «ይገድል ዘንድ» ተብሎ የሚፈታው ዘንድ አንቀጽ፣ አራተኛው «ይግደል» የሚለው ትእዛዝ መሆኑን ያውቃል። የሁለቱ ቅርጽ አንድ ነው፤ የሚለያቸው አገባባቸው ነው። ፈረንሳይኛም እንዲሁ ነው፤ «ኪል ቪየን» የሚለው ሐረግ በሌላ ግሥ ሥር ሲገባ «ይመጣ ዘንድ»፣ ብቻውን ሲቆም ደግሞ «ይምጣ!» ማለት ነው። ይህን ዝምድና ለማየት የፓሪስ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ በአሥራ ምናምን ዓመቱ የሚያውቀው ነገር ነው። ዘንድ አንቀጽን የሚያውቅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህን አንቀጽ እንደ አዲስ ፍጥረት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ማብራሪያ እንዲማረው መደረጉ አሳዛኝ ብክነት ነው። ስለ ቦዝ አንቀጽም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል፤ «ሥራውን ጨርሶ ሄደ» የሚለው አነጋገር ከፈረንሳይኛው «አያን ፊኒ» ጋር ያለ ብዙ ድካም ይገጥማል።

ከሰዋስው ወደ ባህል ሲታለፍ ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሆነው እጅግ የበለጸገ ጽሑፍ የሚገኘው፣ ማንም በማይጠብቀው ቦታ፣ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቀው የስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን ነው፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ፣ የዚያኑ ዓመት የንግድ ሕግ ደግሞ ዣን ኤስካራ ጀምሮት ከሞተ በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ አረቀቁ። ሁሉም የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። ረቂቁ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሕግ ሆነ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አብዛኛው ክፍል ዛሬም ይሠራል። ይህ ማለት አንድ የመሳለሚያ እህል ነጋዴ ውል ሲዋዋል፣ ሳያውቀው በፈረንሳይኛ የታሰበ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቆሟል ማለት ነው።

እነዚያ ተርጓሚዎች የሠሩት ሥራ ሊጠና ይገባዋል። «ቦን ፏ» ለሚለው ቃል ያገኙለት አማርኛ «ቅን ልቦና» ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ በኩል የሚሄድ ተማሪ ቃል በቃል «መልካም እምነት» ይለዋል፤ ቃሉም ሃይማኖት ይሆንበታል። «አንቲክሬዝ» የሚባለውን፣ አበዳሪው የማይንቀሳቀሰውን ንብረት ይዞ ፍሬውን የሚበላበትን መያዣ «ወለድ አገድ» አሉት። «አንሪሺስማን ሳን ኮዝ» ደግሞ ለረጅም ክርክር ይበቃል፤ ፈረንሳይኛው «ያለ ምክንያት መበልጸግ» ሲል የእንግሊዝኛው ርእስ «ሕገ ወጥ» ይለዋል፤ አማርኛው «አላግባብ» በማለት በመካከላቸው ቆሟል። ከሦስቱ የትኛው የአርቃቂውን ሐሳብ ይዟል? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ፈረንሳይኛውን በቀጥታ ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው።

በንግድ ሕጉ የተጠቀሰው «ፎን ደ ኮሜርስ»ም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያውን ቃል እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ገንዘብ ያስመስለዋል። የ1952ቱ ሕግ «የንግድ መደብር» ብሎታል። ነገሩ ግን ግድግዳውም አይደለም፣ ዕቃውም ብቻ አይደለም፤ የንግድ ስሙን፣ የኪራይ መብቱን፣ ደንበኛውን ጨምሮ በአንድነት የሚሸጥና የሚለወጥ ግዙፍነት የሌለው ሀብት ነው። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ሲተላለፍ ያየ ተማሪ፣ ዋጋው ከመደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ለምን እንደሚበልጥ ያውቃልና፣ ይህን ጽንሰ ሐሳብ ከብዙ የፓሪስ ልጆች ቀድሞ ይረዳዋል።

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ ይህ ዓይነቱ ትምህርት ሞልዬርንና ካሙን አስወጥቶ ውልና ዋጋ ያስገባል የሚለው ነው። ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ «ቅን ልቦና»ን በሚገባ የተረጎመ ተማሪ ካሙን ለማንበብ የተሻለ እንጂ የባሰ ዝግጁ አይሆንም። ሁለተኛው ይከብዳል። በመሳለሚያና በአካባቢው የሚያድጉ ልጆች ሁሉ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ አይደለም፤ ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ፣ ኦሮምኛ በየቤቱ ይነገራል። አማርኛን ብቸኛ መሸጋገሪያ ማድረግ የእንግሊዝኛውን ስሕተት በሌላ ስም መድገም ይሆናል። መልሱ ተማሪው በራሱ ቋንቋ ያለውን አቻ ፈልጎ ወደ ክፍል እንዲያመጣ መፍቀድ ነው፤ መምህሩም ሁሉን አዋቂ ሆኖ መታየቱን መተው ይኖርበታል።

አማርኛ የማይረዳበት ቦታ መኖሩም አይካድም። «ነገ እመጣለሁ አለ» የሚል ሰው የሌላውን ቃል እንዳለ ያቀርባል፤ ፈረንሳይኛ ግን በተዘዋዋሪ ሲያወራ ጊዜውንም፣ መደቡንም፣ «ነገ» የሚለውንም ቃል ይለውጣል። እዚህ ላይ ተማሪው የሚደገፍበት ነገር የለውምና፣ ለልምምድ የሚመደበው ሰዓት መብዛት ያለበት በዚህ በኩል ነው። ዛሬ ያ ሰዓት የሚያልቀው ተማሪው በቋንቋው የሚያውቀውን ነገር በእንግሊዝኛ እንደገና በማስተማር ነው።

ሥርዓተ ትምህርቱ እስኪለወጥ ሳይጠበቅ በአንድ መንፈቅ ዓመት ሊሞከር የሚችል ነገር አለ። ተማሪዎች እህል በረንዳ ሄደው አንድ የግዢ ንግግር በጥሞና ሰምተው ይጻፉ፤ ከዚያም እንግሊዝኛ ሳይነኩ ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሱት። ችግሩ ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል። ሻጩ በዕድሜ ገፋ ያሉትን ገዢ «እናቴ፣ ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?» ይላቸዋል። «እናቴ» ብሎ ያከብራል፤ «ልሽ» ብሎ ያቀርባል። «ቱ» ቢባል ቅርበቱ ይገኛል፣ አክብሮቱ ይጠፋል፤ «ቩ» ቢባል ደግሞ በተገላቢጦሽ። «ማዳም» የሚለው ቃል ለሱቅ እንጂ ለእህል በረንዳ የተሰፋ አይደለም። ፓሪስ ላይ ያለ መምህር እዚህ ቦታ ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል። አቢጃን ወይም ኪንሻሳ ላይ ያለው ግን ወዲያው «ማማን» ብሎ ይጽፋል፤ በዚያ ገበያ የማያውቋትን ትልቅ ሴት በፈረንሳይኛ የሚጠሯት እንዲህ ነውና።