ለወንዱ ሽመል፣ ለሴቷ ዝምታ

አዲ አርቃይ ዙሪያ የሚያድግ ወንድ ልጅ ራሱን ለመከላከል አሠልጣኝ አያስፈልገውም። ከብት ሲጠብቅ ከእኩዮቹ ጋር በሽመል ይገጥማል፤ ሲመቱት መመከት፣ ሲጠጉት ጎን መቀየር ይለምዳል። እኅቱ የምትማረው ሌላ ነው፦ አንገት ደፍቶ መሄድ፣ ሲጠሯት አለመመለስ፣ የደረሰባትንም አለማውራት። ከዚያ ከገጠር ቀበሌ ስንቋን ተሸክማ ወደ ከተማ ትመጣለች፤ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ስንቁ ሲያልቅ ያንኑ መንገድ በእግሯ ትመለሳለች።

ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ሁሉ፣ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥቂት ሰዓት ለዚህ ቢሰጥ ምን ይከለክላል?

«ወንዱ ይታረም እንጂ ሴቷ ለምን ትደባደባለች?» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ይታረም። እስኪታረም ድረስ ግን መንገዱን የምትሄደው እሷ ናት። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 23 በመቶዎቹ ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህ ደፍረው የተናገሩት ብቻ ነው።

ሥልጠና ሲባል ግን በቲክቶክ የሚዞረው ባለ አሥር ምት ትርኢት አይደለም። የደነገጠ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ረጅም ቅደም ተከተል ይጠፋዋል። ቴኳንዶም ጥሩ ስፖርት ነው፤ ሆኖም ቀሚስ ለብሶ ጠጠር ላይ የራስ ቁመት የሚደርስ እርግጫ የሚያወጣ ስንት ሰው አለ? የሚጠቅመው አጭሩ ነው። ሸክሙን መጣል፣ መጮህ፣ በመዳፍ ግርጌ አገጩን ወይም አፍንጫውን መምታት፣ ወዲያው በጉልበት ብሽሽቱን። ተጠግቶ ከያዛት ክርን ከቡጢ ይሻላል። ከኋላ ካቀፋት በተረከዝ የእግሩን ጀርባ መርገጥ፣ በክርን ጎኑን። ቡጢን መተው ይሻላል፤ ራስ ቅል ላይ ያረፈ ቡጢ የመቺውን እጅ ሊሰብር ይችላል፣ ከትንሿ ጣት በታች ያለው አጥንት ስብራትም በሕክምናው የቦክሰኛ ስብራት ይባላል። ከዚያ ሩጫ ነው፤ ሰው ወዳለበት እንጂ ብቻዋን ወደምትኖርበት ክፍል አይደለም።

የምቱ ዓላማ ማሸነፍ ሳይሆን እጁን ማስለቀቅ ነው። ይህን ሕጉም ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 በሌላ መንገድ ሊወገድ ያልቻለን ሕገ ወጥ ጥቃት በተመጣጣኝ መንገድ የተከላከለን ሰው አይቀጣም። ልኩን ካለፈም አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቱ ቅጣት እንዲያቀል ይፈቅዳል፤ ያለፈው በፍርሃት ወይም በድንጋጤ ከሆነ ጭራሽ ሊተወው ይችላል። የወደቀን ሰው ተመልሶ መርገጥ ግን መከላከል አይባልም። ይህ ለወንድ ተማሪዎችም ሊነገር ይገባል፤ በሽመል ጀምሮ በነፍስ የሚያልቀው ጠብ እዚህ መስመር ላይ ነው የሚበላሸው።

አበራሽ በቀለ በ14 ዓመቷ አርሲ ውስጥ ተጠልፋ፣ አምልጣ ስትሸሽ ሲደርስባት ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ራሷን ተከላክላለች ተብላ በነፃ ተለቀቀች። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው ከዚያ ታሪክ ነው። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። አዲሱ ሕግ ቀዳዳውን ደፍኗል፤ ሽምግልናው ግን አሁንም አንዳንድ ቦታ ይከፍተዋል።

ሥልጠናው ይሠራል ወይ ለሚል፣ በካናዳ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 ሴት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። የ12 ሰዓት ሥልጠና ከወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ የተደፈሩት 5.2 በመቶ፣ ካልወሰዱት 9.8 በመቶ ነበሩ። ከ12ቱ ሰዓት ለምት ልምምድ የዋለው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው አደጋን ቀድሞ ማወቅና የሚያውቁትን ሰው «አይሆንም» ማለትን የሚመለከት ነበር። በእርግጥ ካናዳ አዲ አርቃይ አይደለችም።

ጠመንጃ ፊት ክርን ዋጋ የለውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲገባ በምት የሚመለስ ነገር አልነበረም፤ ታጥቆ የሚያግትንም ማስቆም የመንግሥት ዕዳ ነው። ሥልጠናው የጎረቤቱን ልጅ፣ የአከራዩን ወንድም፣ መንገድ ላይ እጅ የሚይዘውን ነው የሚመለከተው።

ወላጅ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው «ማን ያሠለጥናል?» የሚለው ይሆናል። የስፖርት መምህሩ ብቻውን ባይሆን ይመረጣል። ሴት ፖሊስ ወይም ሴት መምህርት አብራ ትቁም፣ እናቶችም ሜዳው ዳር ተቀምጠው ይዩ።