ምስሉን ማን ይፍታው?

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በሚገኙት ሥጋ ቤቶች ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የሳተላይት ሳህን ከቆርቆሮው ጣራ በላይ ወደ ሰማይ አንጋጦ ይታያል። በሳህኑና በቴሌቪዥኑ መካከል ግን ልብ የሚለው የሌለ አንድ ትንሽ ሣጥን አለ፤ ሪሲቨር የሚባለው። ሻጩ የሚያወድሰው፣ ገዢው ሳይመረምር የሚሸከመው ይኸው ሣጥን ነው።

ዲጂታል ምስል በጥሬው አይጓዝም። ባለ 1920 በ1080 ነጥብ ሥዕል በሰከንድ 25 ጊዜ ሲቀያየር፣ ሳይጨመቅ ቢላክ በሰከንድ ከ600 ሚሊዮን ቢት በላይ ይሆናል። ስለዚህ አስተላላፊው በአንድ የስሌት ዘዴ፣ ማለትም በኮዴክ፣ ጨምቆ ወደ ጥቂት ሚሊዮን ቢት ያወርደዋል፤ ተቀባዩ ደግሞ ይፈታዋል። ፍቺው በሁለት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው ለዚሁ ሥራ ብቻ በተቀረጸ ቺፕ ሲሆን ሃርድዌር ዲኮደር ይባላል፤ ሁለተኛው በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ በሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ይህም ሶፍትዌር ዲኮደር ነው።

«ቺፑ የሚፈታው ምስል ይበልጥ ጥራት አለው» የሚለው የገበያ አነጋገር መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264 ስሌቱን በሙሉ ቁጥሮች ስለደነገገ፣ ደንቡን ያከበረ ቺፕና ደንቡን ያከበረ ፕሮግራም አንዲት ነጥብ እንኳ ሳትለይ አንድ ዓይነት ሥዕል ያወጣሉ። በዓይን የሚታይ ልዩነት ቢኖር ከፍቺው በኋላ ማያው ከሚያደርገው ማስፋትና ማሳመር የሚመጣ ነው። የቺፑ እውነተኛ ብልጫ ሌላ ነው፦ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበላል፣ አይግልም፣ ርካሽ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ይህ ጥቅም በተለይ በባትሪ ለሚሠራ ስልክና መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ቀላል አይደለም፤ ሊካድም አይገባም።

ይሁንና ቺፕ የተቀረጸበትን እንጂ ሌላ አያውቅም። በኤምፔግ 2 ብቻ የተሠራ ሪሲቨር ኤች 264 ሲመጣበት ማያው ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የኢትዮሳት መድረክ ሲጀመር በየጣራው የነበረው ሳህን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ መዞር ነበረበት። ሳህን ይዞራል፤ ጎረቤት ወጥቶ ያዞረዋል። ቺፕ ግን አይዞርም። የድሮው ሣጥን አዲሱን ኮዴክ ካልፈታ፣ ባለቤቱ ሌላ ሣጥን ከመግዛት በቀር ምርጫ የለውም። ጄኔቫ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የተፈረመው ስምምነት የምድር ቴሌቪዥን ዲጂታል እንዲሆን የወሰነው ቀን ሰኔ 17 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ኢትዮጵያ ዝግጅቷን አልጨረሰችም። መዘግየቱ የሚያስወቅስ ቢሆንም አንድ ዕድል ሰጥቷል፦ ሣጥኑ ሳይገዛ ኮዴኩን መወሰን። ዕድሉን የማይጠቀም አስተዳደር ሕዝቡን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

የሙግቱ ዋና ጉዳይ ግን የሳሎን ሣጥን አይደለም፤ መዝገቡ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያና ከዚያ ወዲህ ብዙ የአማርኛ ፊልሞች በቪሲዲ ተሸጠዋል። ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 ደረጃ ሆኖ በወጣው በኤምፔግ 1 የተጨመቀ ነው። ዛሬ ያን ዲስክ ወይም የተገለበጠውን ፋይል ብዙ አዲስ ቴሌቪዥን አያነበውም። ሲዲው ተቧጭሮ ከሆነ ቺፑ የተበላሸው ቦታ ላይ ሲደርስ ሊቆም ይችላል፤ ብልሽት የሚታገሥ ሶፍትዌር ግን ያንን ዘሎ ወይም ሸፍኖ ቀሪውን ያሳያል። ባለሙያ ካሜራዎች የሚቀርጹት ባለ 10 ቢት ምስልም በብዙ ቺፖች አይፈታም፤ የሚቀርጸው ከያኒ ሥራውን ማየት ካልቻለ ቺፑ ቢፈጥን ምን ይረባዋል? የባህል መዝገብ በቺፕ ላይ ከተመሠረተ፣ ቺፑ ከገበያ ሲጠፋ መዝገቡም አብሮት ይጠፋል። ፕሮግራም ግን ይገለበጣል፣ ይሻሻላል፣ ወደ አዲስ ማሽን ይዛወራል።

በዚህ ጊዜ የሶፍትዌር አምላኪዎችም ከመንገድ ይወጣሉ። ሁሉን በፕሮግራም እንፍታ የሚሉት የአቅምን ጉዳይ ይዘነጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች 265 ከኤች 264 ጋር ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ ያህል ቢት ይሰጣል፤ ነገር ግን ስሌቱ ከባድ ስለሆነ በደካማ ስልክ ላይ በፕሮግራም ሲፈታ ሥዕሉ ይንተባተባል፣ ስልኩም ይግላል። የፓተንት ክፍያውም አለ። ከክፍያ ነፃ ሆኖ የታሰበው ኤቪ 1 እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል፤ እርሱም ለአሮጌ ኮምፒውተር ቀላል ጭነት አይደለም።

ሌላ ስሕተት ደግሞ አለ። በዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጫማ ተሰፍቶ ወደ ውጭ ተልኳል። ነገር ግን ሪሲቨር በአገር ውስጥ ተገጣጠመ ማለት ዕውቀቱ አገር ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። የቺፑ ውስጥ ለሚገጥመው ሠራተኛ የተዘጋ ነው። የነፃ ፕሮግራም ውስጥ ግን ለሚያነብ ክፍት ነው። ዓለም የሚጠቀምበት ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓሪስ አጠገብ በሚገኝ ኮሌጅ የተጀመረ የተማሪዎች ሥራ ነበር፤ ኤፍኤፍኤምፔግ እ.ኤ.አ. በ2000 በፋብሪስ ቤላር ተጀመረ። የዱከም ተማሪ ኮምፒውተርና መምህር ካገኘ ይህን ኮድ ከማንበብ የሚከለክለው የለም፤ የሪሲቨርን ቺፕ ግን ማንም አይከፍትለትም።

ስለዚህ ለቤት ተመልካች ቺፑ ይሁን፤ ግን የሚፈታቸው ኮዴኮች በግዢ ሰነዱ ላይ ከዋጋው በፊት ይጻፉ፣ ኤች 265ንና ባለ 10 ቢቱን ጨምሮ። ለትምህርት ቤት፣ ለባህል ማዕከልና ለፊልም መዝገብ ደግሞ ፕሮግራሙ ይሁን፤ ዋናው ፋይል ወደ ሌላ ኮዴክ ከተለወጠ በኋላ አይደምሰስ፣ የፈታው ፕሮግራም ቅጂም ከነኮዱ አብሮት በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።