ቤተሰቡ ሲያንስ እንክብካቤው እንዳያንስ

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ መድኃኒት ሳይሆን፣ ሳይታወቀን በጤናችን ላይ ተጽዕኖ እያሳደረ ስላለ አንድ ለውጥ እንነጋገራለን። አስቀድመን ግን አንድ ጥያቄ እናቅርብልዎ። እስቲ ያደጉበትን ቤት ያስታውሱ። ማታ ማዕድ ሲቀርብ ስንት ሰው እጁን ይታጠብ ነበር? ዛሬ በሚኖሩበት ቤትስ ስንት ናችሁ?

ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ ለሆነ ብዙዎቻችን የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። እናትና አባት፣ ስድስት ወይም ሰባት ልጆች፣ አያት፣ ለትምህርት ከገጠር የመጣ የአጎት ልጅ፣ ለሕክምና መጥቶ የሰነበተ ዘመድ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድር ነበር። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ግን በተለይ በከተማ ሦስት ወይም አራት፣ ሲያንስም አንድ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ይህ የግል ትዝታ ብቻ አይደለም። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ በ1985 ዓ.ም. ሲወጣ አንዲት ኢትዮጵያዊት በመውለጃ ዕድሜዋ በአማካይ 7 ነጥብ 7 ልጆች ትወልድ እንደነበር ተገምቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን ቁጥር 5 ነጥብ 5 ገደማ ላይ አገኘው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ወደ 4 ነጥብ 6 ወርዷል።

አማካዩ ግን ሁለት የተለያዩ ዓለማትን ይሸፍናል። በዚሁ በ2008ቱ ጥናት የገጠር እናት በአማካይ 5 ነጥብ 2፣ የከተማ እናት ደግሞ 2 ነጥብ 3 ልጆች ይኖሯታል። በአዲስ አበባ ቁጥሩ 1 ነጥብ 8 ብቻ ነው። ይህም አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2 ነጥብ 1 ያነሰ ነው። በአንድ ቤት አብሮ የሚኖረው ሰው ቁጥርም በገጠር በአማካይ አምስት ገደማ ሲሆን፣ በከተማ ሦስት ተኩል ነው።

የለውጡ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ሴት ልጆች ከቀድሞው በተሻለ ይማራሉ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። የቤት ኪራይና የኑሮ ውድነት ሌላው ገፊ ምክንያት ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ ስምንት ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 ደርሰዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆች የመኖር ዕድላቸው ጨምሯል። በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ቀንሷል። ወላጅ የወለደው ልጅ እንደሚያድግለት ሲተማመን፣ «ቢሞትብኝስ» ብሎ ደጋግሞ መውለዱን ይተዋል።

የተገኘው ጥቅም

ይህ ለውጥ በጤና ረገድ ትልቅ በረከት ነው። በየዓመቱ ወይም በየዓመት ተኩሉ የምትወልድ እናት በእርግዝናና በጡት ማጥባት ያጣችውን ደምና ንጥረ ነገር ለመተካት ፋታ አታገኝም። ለደም ማነስ፣ ያለ ጊዜው ለሚመጣ ምጥ፣ ክብደቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሕፃንም ትጋለጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ከመሞከር በፊት ቢያንስ 24 ወራት መጠበቅ እንደሚገባ የሚመክረው ለዚህ ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል ለእናቲቱ ሰውነት አይሠራም።

ይህ ምክር በተለይ በገጠር ላላችሁ አንባቢያን ዛሬም አስቸኳይ ነው። በ2008ቱ ጥናት ከመቶ ባለትዳር ሴቶች 22ቱ ማራራቅ ወይም ማቆም ፈልገው የወሊድ መቆጣጠሪያ አልተጠቀሙም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በምትሠራበት ጤና ኬላ ወይም በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ አገልግሎቱን ከነምክሩ ማግኘት ይቻላል። ባልና ሚስት አብረው ቢሄዱ ደግሞ ይመረጣል።

ያልታሰበበት ጎን

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ትልቁ ቤተሰብ የሚበላ አፍ ብቻ ሳይሆን የሚሠራ እጅም ነበር። አራስ የሚያርሰው፣ ሕፃን የሚያዝለው፣ በሽተኛ የሚያስታምመው፣ ሽማግሌ የሚጦረው ያ የተሰበሰበ ሰው ነው። የሰው ቁጥር ሲቀንስ ይህ ሥራ አብሮ አልቀነሰም። በጥቂት ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ተቆልሏል።

እዚህ ላይ ግን ያለፈውን ዘመን ብቻ እያደነቅን እንዳንሄድ እንጠንቀቅ። የትልቁ ቤተሰብ እንክብካቤ በነፃ የመጣ አልነበረም። ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገች፣ አያት ያስታመመች፣ በዚህም ምክንያት ከትምህርቷ የቀረች ታላቅ እህት በብዙዎቻችን ቤት ነበረች። ስለዚህ መፍትሔው ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። ያ ቤት ሳይነገረው ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ አስበንና ተከፋፍለን መሥራት ነው። ሦስት ቦታዎችን እንመልከት።

አራስ ቤት

በጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት አራስ በዓይነ ሕሊናዎ ይመልከቱ። እናቷ ከገጠር መጥተው ሁለት ሳምንት አርሰዋት ተመልሰዋል። የግል ድርጅት ሠራተኛ የሆነው ባሏ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያገኘው የአባትነት ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀናት ብቻ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ናት። ገንፎ የሚያገነፋላት፣ «ፊትሽ ገርጥቷል፣ ምን ሆነሻል?» የሚላትም የለም።

በቀድሞው አራስ ቤት የወለዱና ያዋለዱ ሴቶች ዓይን አደጋን ቶሎ ይለይ ነበር። ያ ዓይን ሲጠፋ የጤና ተቋም ክትትል መተካት አለበት። እናትና ሕፃን ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ሊታዩ ይገባል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምርመራ ያገኙት እናቶች ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ።

በቤትዎ አራስ ካለች የሚከተሉትን ምልክቶች እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ የቤት ሠራተኛዋም ይወቋቸው፤ ብርቱ የደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥና መታመም። ሕፃኑ ጡት መጥባት ካቆመ፣ ካተኮሰ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ እስከ ነገ አይጠበቅም።

የአእምሮ ጤናዋም መዘንጋት የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ የተለመደ ነው። ስሜቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳት፣ ለሕፃኑ ደንታ ካሳጣት ግን ሕክምና የሚያስፈልገው የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ራሷን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ብቻዋን ሳይተዋት ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። «ቅብጠት ነው» ማለት ሕይወት ያስከፍላል።

ሕፃኑ ማን ጋር ይዋል?

ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናቱን ጡት ብቻ ሊጠባ ይገባል። በዚሁ አዋጅ ግን እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን በመሆኑ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ ገና ስድስት ወር አይሞላውም። ቀድሞ አያት ወይም አክስት ይሸፍኑት የነበረውን ይህን ክፍተት ዛሬ የምትሸፍነው በአብዛኛው የቤት ሠራተኛ ናት፤ ብዙ ጊዜም ራሷ ገና ልጅ ናት።

ወደ ሥራ ከመመለስዎ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ጡትዎን ማለብ ይለማመዱ። በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ የተቀመጠ የጡት ወተት ብዙ በማይሞቅ ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሲሰጥ አይፈላም፤ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ለብ ማድረግ ይበቃል። ከጡጦ ይልቅ በሲኒ ወይም በኩባያ መስጠት ከተቅማጥ ይጠብቃል። ሠራተኛዋ እጅ አስተጣጠብን፣ የአደጋ ምልክቶችንና የሚደወልባቸውን ስልኮች ትወቅ። እርሷም ስትታመም ታከሙ፤ የሕፃኑ ጤና ከእርሷ ጤና አይለይም።

ሌላም የቤተሰብ ዓይነት አለ። እናት ለሥራ አረብ አገር ሄዳ ልጆች ከአያት ጋር የሚያድጉባቸው ቤቶች በከተማም በገጠርም በርካታ ናቸው። እንዲህ ባለ ቤት የክትባት ካርዱ የት እንዳለ አያት ይወቁ። ክትባቱ ሲወለድ ተጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ የልጆቹን ብቻ ሳይሆን የአያትን የደም ግፊትና የስኳር ምርመራም ይጨምር። አሳዳጊ ከወደቀ ቤቱ አብሮ ይወድቃልና።

አባትና እናት ብቻቸውን ሲቀሩ

ሰባት ልጆች የነበሩት አባት አንዱ ልጅ ርቆ ቢሄድ ስድስቱ ይቀሩለት ነበር። ሁለት ልጆች ያሉት አባት ግን ሁለቱም ወደ ሌላ ከተማ ወይም ባሕር ማዶ ሲሻገሩ ብቻውን ይቀራል። የደም ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚጎዳ በሽታ ነው። አስታዋሽ የሌለው አረጋዊ መድኃኒቱን «ተሽሎኛል» ብሎ ሲያቆም ለስትሮክ ይጋለጣል።

ስልክ ሲደውሉ «ደህና ነዎት?» ብለው ብቻ አይዝጉ። ኢትዮጵያዊ ወላጅ ለልጁ የሚመልሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ይልቁንስ «መድኃኒቱ ለስንት ቀን ይበቃል? ትናንት ራት ምን በሉ? ሐኪም ዘንድ መቼ ይመለሳሉ?» ብለው ይጠይቁ። ሲሄዱ የመጸዳጃ ቤቱ ወለል እንዳያንሸራትት፣ ማታ የሚበራ መብራት እንዳለ፣ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ እንደሌለ ይመልከቱ፤ በዚያ ዕድሜ አንድ መውደቅ ዳሌ ሰብሮ ሰውን አልጋ ላይ ሊያውል ይችላል። የቤቱ ትርፍ ቁልፍ አንድ የታመነ ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በአባወራ ወይም በእማወራ ደረጃ የሚመዘገብ ስለሆነ፣ ለብቻቸው የሚኖሩ ወላጆችዎ በራሳቸው ስም መመዝገባቸውንና በየዓመቱ መታደሱን ያረጋግጡ።

ምን እናድርግ?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዛሬው ኑሮ የተነገረ ይመስላል። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ጎረቤታሞች አራስን በተራ መጠየቅ፣ የታመመ ሰው ሲኖር ለአንድ ቀን ምግብ ማድረስ ይችላሉ። እድሮቻችንም ስንሞት ለመቅበርና ለማስተዛዘን እንዳላቸው ብርታት፣ በሕይወት ሳለን ብቻቸውን የቀሩ አባላትን ለመጎብኘት ቢመክሩ ምን ይከፋል? ወንዶችም ከሦስቱ ቀን ፈቃድ በኋላ ከሥራ መልስ ያለውን ሌሊትና ቅዳሜ እሑድን ከሕፃኑ ጋር ይካፈሉ። ጡት ከማጥባት በቀር አባት የማይችለው የሕፃን እንክብካቤ የለም።

ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያንሱና በሌሊት በቤትዎ ሰው ቢታመም ሊጠሯቸው የሚችሉ፣ በእግር ሊደርሱልዎ የሚችሉ ሦስት ሰዎችን ስም ከነስልካቸው ይጻፉ። ወረቀቱንም ሁሉም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይለጥፉት። ሦስቱን ለመሙላት ከተቸገሩ ቤተሰብዎ ካሰቡት በላይ አንሷል ማለት ነው። እንግዲያው ነገ ጠዋት የጎረቤትዎን በር አንኳኩተው ይተዋወቁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።