«ከገዳም የመጣ» የሚባለው ቅርፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች! የብሳናን ቅርፊት አፍልቶ መጠጣት በራሱ ኃጢአት አይደለም። የአበውን ዕፀ ፈውስ ሁሉ «ጥንቆላ ነው» እያሉ የሚነቅፉ ሰዎች ይሳሳታሉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ያስተምረናል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ቁስል የበለስ ጥፍጥፍ አዝዟል (2ነገ. 20፥7)። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር (ቆላ. 4፥14)።

ሙግታችን ከቅርፊቱ ጋር ሳይሆን ቅርፊቱን የቤተ ክርስቲያንን ስም አልብሰው ከሚሸጡት ጋር ነው። የየትኛው ዛፍ እንደሆነ የማይታወቅ ቅርፊት ተወቅጦ በፌስታል ይቋጠርና «ከገዳም የመጣ» ይባላል። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለካንሰርና ለኤችአይቪ አንዱ ዱቄት መድኃኒት ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ነው፦ «ይህን ከጀመርክ የሐኪሙን ተው።»

«አባቶቻችን በዚሁ ኖረው የለምን?» ትሉ ይሆናል። ኖረዋል። ነገር ግን ዕፅ ዐዋቂዎቹ ዛፉን በስሙ፣ መድኃኒቱን በልኩ ያውቁ ነበር፤ ለማን እንደማይሰጥም ይለዩ ነበር። ብሳና ለኮሶ ትል የሚሰጠው ሆድን በኃይል ስለሚያጥብ ነው፤ ያው ኃይል ከልኩ ካለፈ ሕመምተኛውን ይጎዳል። ዘመናዊው ሕክምናም ቅርፊትን አልናቀም። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን የተገኘው ሲንኮና ከተባለ ዛፍ ቅርፊት ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. ሁለት ፈረንሳውያን ፈዋሹን ንጥረ ነገር ለይተው ካወጡት በኋላ ለሕሙማን በታወቀ ልክ መስጠት ተችሏል። በፌስታል የተቋጠረው ዱቄት ግን ስምም፣ ልክም፣ ተጠያቂም የለውም።

ይህን ዱቄት ከእምነት ጋር አታምታቱት። ጸበል በጸሎት የሚባረክ፣ በእምነት የምንቀበለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው። ሆኖም ጸበሉ እንኳ የሐኪምን መድኃኒት አያስጥልም። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በግልጽ አስተምረዋል። ጸበል ያላስጣለውን መድኃኒት ቅርፊት እንዴት ያስጥላል?

እናንተ ወጣቶች ሆይ! እናቶቻችንና አያቶቻችን «ከገዳም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ መጠየቅን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። እንግዲያው ስለ እነርሱ እናንተ ጠይቁ። የየትኛው ዛፍ ቅርፊት ነው? ማን ቀመመው? ልኩ ስንት ነው? የትኛው ገዳም ሰጠው? በቤታችሁ ሕመምተኛ ካለ የሚጠጣውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር፤ የታዘዘለትንም ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ። ሻጩ «መጠየቅ የእምነት ጉድለት ነው» ካላችሁ ከእርሱ ራቁ።

እግዚአብሔር ዕፁንም ሐኪሙንም ሰጥቶናል፤ አንዱን የሌላው ጠላት ያደረገው ገበያው ነው። የታመሙትን ይማርልን፤ ለእኛም ማስተዋሉን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር