ኮሜዲያኑ በሕይወት እያለ እንቅረጸው

ባለፈው ሴሚስተር ለዶክመንተሪ ኮርስ ርዕስ ስንመርጥ «የአንድ አንጋፋ ኮሜዲያን የሥራ ዘመን» የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። የቡድኔ አባላት ወዲያው ተስማሙ። ጭቅጭቁ የመጣው እንዴት እንሥራው ስንባባል ነው። አንዱ «ከልጅነቱ እንጀምር፣ ያሳለፈውን ችግር እናስገባ፣ ከኋላ ዋሽንት እንልቀቅበት» አለ። ሌላዋ ደግሞ «መጨረሻ ላይ ቢያለቅስ አሪፍ ነው» አለች። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴን በዚህች ገጽ ላስረዳ።

ያደግሁት ሚኤሶ ነው። ልጅ ሆኜ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት የኮሜዲ ቪሲዲ ይከፍት ነበር። ፍልፍሉንና ክበበው ገዳን መጀመሪያ ያየኋቸው እዚያ ነው። ቀልዱ በአማርኛ ነው፤ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው ግን ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ነው። ባለ ሻይ ቤቱ ብርጭቆ እያጠበ ይተረጉማል። በዚህ የተነሳ ሳቁ በሁለት በሦስት ዙር ይመጣ ነበር። አንዳንዴ ታዲያ የሁለተኛው ዙር ሳቅ ከመጀመሪያው ይበልጣል! ሰውየው ዝም ብሎ አይተረጉምም እኮ፤ ቃል ይመርጣል፣ ትንሽ ያቆያል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ቀልድ ሥራ መሆኑን ያየሁት በእሱ ነው።

እኔ ያየኋቸው በቴሌቪዥን የቀረቡ የኮሜዲያን የሕይወት ታሪኮች ይህን ሥራ አያሳዩም። ካሜራው የሚደርሰው ሰውየው ሲታመም ወይም ሲያርፍ ነው። አለባቸው ተካን እንውሰድ። ከልመንህ ታደሰ ጋር በጥንድ እየቀለደ ታወቀ፣ ኋላም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «አለቤ ሾው»ን አዘጋጀ፣ በ1990ዎቹ በመኪና አደጋ አረፈ። ይህን ማንም ይነግራችኋል። ግን ሁለት ሰው አንድ ቀልድ ሲሠራ ማን ይጽፋል? ማን ነገሩን ይጀምራል፣ ማን ይቀበላል? ሰው ያልሳቀለት ቀልድ ይጣላል ወይስ ይጠገናል? የደረጀ ኃይሌ አጣማሪ የነበረው ሀብቴ ምትኩም አርፏል። ከጥንድ አንዱ ሲሄድ የሙያው ግማሽ አብሮ ይቀበራል።

በሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት «ጆአን ሪቨርስ፦ ኤ ፒስ ኦፍ ወርክ» የተባለውን እ.ኤ.አ. የ2010 ፊልም ተመለከትኩ። ሪኪ ስተርንና አኒ ሰንድበርግ አሜሪካዊቷን ኮሜዲያን በ75 ዓመቷ አካባቢ አንድ ዓመት ያህል ተከታትለው የሠሩት ነው። ሴትዮዋ ቀልዶቿን በካርድ ላይ ጽፋ፣ በየርዕሳቸው ለይታ፣ ልክ እንደ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በመሳቢያ አስቀምጣቸዋለች። ባዶ የቀጠሮ ደብተር ያስፈራታል። ከሁሉ የያዘኝ ግን አንድ ሰው ከታዳሚው መሐል «መስማት የተሳነው ልጅ ያለው ሰው ይህ አያስቀውም» ብሎ ሲጮህባት ያለው ትዕይንት ነው። ትቆጣለች፣ የራሷም እናት መስማት የተሳናቸው እንደነበሩ ትናገራለች፣ አዳራሹን መልሳ ታስቃለች፤ ከመድረክ ከወረደች በኋላ ግን ለሰውየው ታዝናለች። ይህን ምንም ዋሽንት አይተካውም። እሷ በ2014 አረፈች፤ መሳቢያዎቿ ግን በፊልሙ ውስጥ አሉ።

የእኛዎቹ መሳቢያ የት ነው? አለቃ ገብረ ሃናን አስቡ። በአገራችን የተቀለደ ነገር ሁሉ የእሳቸው ነው ይባላል፤ ስለዚህ የትኛው በእርግጥ የእሳቸው እንደሆነ መለየት ይቸግራል። እሳቸውስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው፣ ካሜራ የለም እንበል። እኛ ምን ምክንያት አለን? ሁላችንም ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ።

ስለዚህ ለቡድኔ ያቀረብኩት እንዲህ ነው፤ ስለ ልጅነቱ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የቀረው ጊዜ አንድ ቀልድ ከመጀመሪያ ሐሳቡ እስከ መድረክ ሲጓዝ ያሳይ። ሳይሳቅለት የቀረበትን ምሽትም ሳንቆርጥ እናስገባ። ታዳሚውንም እንቅረጽ፤ ያውም ከአዲስ አበባ ውጪ፣ አሰበ ተፈሪም ሆነ ሚኤሶ፣ ቀልዱ ቋንቋ ቀይሮ በሚሳቅበት ቦታ።

ለመነሻ እንዲሆነን ለክረምት ቤት ስሄድ አባቴን ስለ አሮጌ ካሴቱ ጠየቅሁት። የአለባቸውንና የልመንህን የበዓል ጨዋታ ቴፑን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጦ ነው የቀዳው። የእናቴ ሳል ሳይቀር ይሰማል። ሪባኑን በእስክሪብቶ አጠንጥነን ከፈትነው። ልመንህ ይጠይቃል፣ አለባቸው ትንሽ ዝም ይላል፣ እኛም ጆሯችንን አቅንተን እንጠብቃለን። ልክ መልሱ ላይ ሲደርስ የአጎቴ ሰርግ ገባ፤ ተቀድቶበታል።